ለሚቀጥለው ገዢ

ታኅሣሥ 5 ቀን 2016፣ ዓርብ

የእህቴ ልጅ ከገና በኋላ የግራፊክ ዲዛይን ኮርስ ትጀምራለች። ትምህርት ቤቱ የሰጣት ወረቀት “ኮር አይ ፋይቭ፣ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ፣ ራም 8 ጊጋ፣ ኤስኤስዲ” ይላል። አዲስ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብተን ዋጋ ጠየቅን። ባለሱቁ ሲነግረን አመስግነን ወጣን። ማታ ቤት ተቀምጠን ቴሌግራም ከፈትን።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥባቸው ቻናሎች ብዛታቸው ጉድ ነው። ትንሽ ቆይተን ግን የሚያስቅ ነገር አስተዋልን። ያው ላፕቶፕ፣ ያው ጠረጴዛ፣ ከጀርባው ያው የፕላስቲክ አበባ፣ በየቻናሉ በተለያየ ዋጋ ተለጥፏል። አንዱ ጋ 32 ሺህ፣ ሌላው ጋ 34፣ ሌላው ጋ 36 ሆኖ “ለቁም ነገረኛ ገዢ ይቀነሳል” ተብሎበታል። ዕቃው ያለው አንድ ሰው እጅ ነው። የቀሩት ፎቶውን ፎርዋርድ አድርገው የየራሳቸውን የደረቡ ደላሎች ናቸው። ድለላ ነውር የለበትም፤ ቤቱም በጉም በደላላ ነው የሚሸጠው። የበግ ደላላ ግን ቢያንስ በጉን ፊትህ አቁሞ ላቱን ያስዳብስሃል።

ልጅቱ እንዳስረዳችኝ ከሆነ 8ኛ ጀነሬሽን የዋጋ ድንበር ነው። ኢንቴል ያወጣው በፈረንጆቹ 2017 ስለሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። ነገር ግን ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ የሚቀድመው 7ኛው በዋጋ ርቆ ይወርዳል። አብዛኞቹ በውጭ አገር የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች የነበሩ ናቸው። ድርጅቱ ሦስት አራት ዓመት ተጠቅሞባቸው በጅምላ ይሸጣቸዋል፤ ጅምላው ዱባይና ሻርጃ ይደርሳል፤ ከዚያ በሻንጣ በካርቶን ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል።

አንዱን መረጥን። “ስላይትሊ ዩዝድ፣ በጣም ፍሬሽ፣ ባትሪ 4 ሰዓት” ይላል። ነገ መገናኛ እንገናኛለን።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

ሱቅ የለውም። ሃያዎቹን ያላጋመሰ ትሑት ልጅ ነው፤ ጥቁር ቦርሳ አንግቶ መጣ። መገናኛ አንድ ሕንፃ ሥር ካፌ ገባንና ማኪያቶ አዘዝን። ላፕቶፑን ሲያወጣው ገና ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ሰካው። የእህቴ ልጅ ኪቦርዱን አንድ በአንድ ነካች፣ ካሜራውን ከፈተች፣ ነጭ ገጽ ከፍታ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ፈለገች። ኪቦርዱ የጀርመን ነው። “ዜድ” እና “ዋይ” ቦታ ስለተቀያየሩ ሁለቱም ላይ ስቲከር ተለጥፏል። ከዚያ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። 33 ሺህ ላይ ተስማማን።

“ደረሰኝስ?” አልኩት።

“ጋሼ፣ ደረሰኝ ከፈለጉ እዚሁ ፎቅ ላይ ሱቅ አለ፤ እነሱ 15 በመቶውን ይጨምሩብዎታል። እኛ ኦንላይን ነው የምንሠራው።”

ቫቱን ነው የሚለው። “እንግዲያው ዋስትናውን በቴሌግራም ጻፍልኝ” አልኩት። ሳያንገራግር እዚያው ጻፈው፦ “1 ወር ዋስትና አለው፣ ችግር ካለ እንቀይራለን ወይ ብር እንመልሳለን።” ገንዘቡን በባንክ አፕ አስተላለፍኩ። የሒሳቡ ባለቤት ሴት ናት። ማን እንደሆነች ስጠይቀው “እህቴ ናት” አለኝ። የማስተላለፊያውን ስክሪንሾት አስቀምጫለሁ።

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ

ማታ መብራት ጠፋ። ልጅቱ ሻማ እየበራላት ላፕቶፑ ላይ ስትሠራ ቆየች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ድርግም አለ። መብራት እንደመጣ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታ አንድ መስመር ጻፈችበት። ዊንዶውስ የባትሪውን የሕይወት ታሪክ ሰነድ አድርጎ አወጣላት። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ዛሬ ነው ያወቅሁት። ሰነዱ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘውንና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። የኛው 50 ሺህ ሚሊዋት ሰዓት ሆኖ የተሠራ ነበር፤ ዛሬ 17 ሺህ ነው የሚይዘው። ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚታየው “96 በመቶ” ከቀረው ላይ የሚሰላ እንጂ ከመጀመሪያው ላይ የሚሰላ አይደለም። ካፌ ውስጥ ያየነውም እሱን ነበር።

ባትሪ ይቀየራል ብለን ራሳችንን አጽናናን። ሌላው ነገር ነው የከፋው። ልጅቱ ዊንዶውሱን ከዜሮ ልታስጀምረው ሪሴት አደረገችው። ተነሣ፣ ቋንቋ ጠየቀ፣ ዋይፋይ ጠየቀ። ዋይፋዩን ስትሰጠው የአንድ አውሮፓ ውስጥ ያለ ድርጅት አርማ ብቅ አለ። “እንኳን ደህና መጡ፣ የሥራ ኢሜይልዎንና የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ” ይላል። መዝለያ ቁልፍ የለውም። ወደ ኋላ ብንመልሰው፣ ብናጠፋው፣ ብናበራው ያው ነው። 33 ሺህ ብር ከፍለን የሰው ቢሮ በር ላይ ቆመናል።

ሁለቱንም ፎቶ አንስተን ለሻጩ ላክንለት።

ታኅሣሥ 10፣ ረቡዕ

ልጁ በድምፅ መለሰ። ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት፤ ለታሪክ ይቀመጥ።

“ጋሼ፣ እናንተ ፎርማት ባታደርጉት እኮ ምንም አልነበረውም። በደንብ ቼክ አድርጋችሁ ነው የወሰዳችሁት። አሁንም ኢንተርኔት ሳታገናኙ ጫኑት፣ ይሠራል። ባትሪ ደግሞ ያገለገለ ዕቃ ላይ ዋስትና የለውም፤ ይሄ የታወቀ ነው።”

የዋስትናውን ጽሑፍ ስክሪንሾት አድርጌ መልሼ ላክሁለት። አየው፤ መልስ ግን አልሰጠም።

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ

መገናኛ ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ቴክኒሻኑ አርማውን ሲያይ ፈገግ አለ። “ፋዘር፣ ይሄ በሳምንት ስንቴ ይመጣል መሰለዎት” አለኝ።

የነገረን እንዲህ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ላፕቶፕ ሲገዙ የማሽኑን መለያ ማይክሮሶፍት ዘንድ በስማቸው ያስመዘግባሉ። አሠራሩ አውቶፓይለት ይባላል። ማሽኑ ከዜሮ ተነሥቶ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰርቨሩን ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም የእገሌ ድርጅት ንብረት ነው ይለዋል። ዲስኩ ቢቀየር፣ ዊንዶውሱ መቶ ጊዜ ቢጫን አይለቅም፤ ምዝገባው ዲስኩ ላይ አይደለምና። የሚለቀው ድርጅቱ ራሱ ከመዝገቡ ሲሰርዘው ወይም ማዘርቦርዱ ሲቀየር ነው። ድርጅቱ አሮጌውን ሲሸጥ መሰረዝ ነበረበት፤ የሚረሳ ሞልቷል። የተሰረቀም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ማሽኑን አይቶ ማወቅ አይቻልም።

“ታዲያ እኛ ስንገዛው እንዴት ሠራ?”

“ያለ ኢንተርኔት ጭነውት ነዋ። ለእናንተም በ300 ብር እንደዚያው አድርጌ እሰጣችኋለሁ። ሪሴት አታድርጉት እንጂ ዕድሜ ልክ ይሠራል።” ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ “ካልተመቻችሁም ሽጡት። ሰው ይወስደዋል።”

ደግ ሰው ነው፤ ለምርመራው ገንዘብ አልተቀበለንም። ምክሩ ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ። ለአንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ስነግረው እሱም “ምን ያስጨንቅሃል፣ አንተም ለጥፈው” አለኝ። ጎረቤቴም እንደዚያው። ማታ ላይ የእህቴ ልጅ ራሷ፣ ዐይኗን ስልኳ ላይ ተክላ፣ “አጎቴ፣ እኛም በሌላ ቻናል ብንለጥፈውስ? ባትሪውን እንናገራለን፤ ሌላውን ግን ማን ያውቃል?” አለች።

እሷን አልፈርድባትም። ኮርሱ ሊጀመር ነው፣ ገንዘቡ የእናቷ የዕቁብ ብር ነው። ከቴክኒሻኑ እስከ ጎረቤቴ ድረስ ግን አንድም ሰው “መልሱለት” አላለንም። በኛ ገበያ እንከን ያለበት ዕቃ ወደ ሸጠው ሰው አይመለስም፤ ወደሚቀጥለው ገዢ ነው የሚሄደው። ሁሉም ይህን ያውቃል፣ ማንም አይደነግጥበትም። እንደዚያ ሆኖ ነው የኛም ቤት የደረሰው።

“ቢሆን ከማን ጋር ካፌ የምንቀመጥ ይመስልሻል?” አልኳት። “ካንቺ ጋር ከሚማር ልጅ ጋር ነው።” ዝም አለች። አልለጠፍነውም።

ታኅሣሥ 15፣ ሰኞ

ሕጉን አገላበጥኩ። ከጠበቅሁት በላይ ለገዢ ያዘነ ነው።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ገዢ በበኩሉ ዕቃውን እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ “ኃላፊነት የለብኝም” ብሎ የተዋዋለው አያድነውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ይብሳል፦ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃውን መልሶ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። በየሱቁ ግድግዳ ላይ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚል ወረቀት የሚለጥፉ ሰዎች ይህን አንቀጽ አንብበውት ይሆን? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አይነፈገውም ይላል። የልጁ የቴሌግራም ቃል እንግዲህ ቃል ነው።

ከሰዓት ወረዳ ወዳለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ያስተናገደችኝ ባለሙያ በጥሞና ሰማችኝና የሻጩን ንግድ ፈቃድ ቁጥር ጠየቀችኝ። የለኝም። ደረሰኝ ጠየቀችኝ። የለኝም። “አባቴ፣ ፈቃድ ከሌለው እኛ በምን እንጠራዋለን? በፖሊስ ይሂዱበት” አለችኝ። ፈቃድ ያወጣው ነጋዴ ይጠየቃል፤ ያላወጣው ለመጠየቅም አልበቃም። ሕጉ እንዲህ ይላል ብዬ አላምንም። በዚያ መስኮት በኩል ግን የሚሠራው እንዲህ ነው።

ለዚያ የአውሮፓ ድርጅትም ልጅቱ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ጽፋለች። እስካሁን ወፍ የለም።

ታኅሣሥ 17፣ ረቡዕ

ሻጩን ደወልኩለት። ቁልቢ ገብርኤል ሊሄድ መንገድ ላይ ነው። “ስመለስ እናወራለን ጋሼ፣ ይጸልዩልኝ” አለኝ። ለሱ መጸለዬ ካልቀረ መልአኩ ያሳስብልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

ነገ 15ኛው ቀን ይሞላል። ዛሬ ጠዋት ይህን ጻፍኩለት፦

“ታኅሣሥ 6 ቀን 2016 በ33,000 ብር የሸጥክልን ላፕቶፕ ሁለት ጉድለት ተገኝቶበታል። ባትሪው ሲሠራ ከነበረው ሲሶውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ማስታወቂያህ 4 ሰዓት ይላል። ማሽኑም በሌላ ድርጅት ስም የተመዘገበና የተቆለፈ ነው። ይህን ታኅሣሥ 9 በፎቶ አሳውቀንሃል፤ ሰኞ ዕቃውን ይዘን መገናኛ እዚያው ካፌ እንገኛለን። ገንዘቡ ካልተመለሰ ይህንን መልእክት፣ የዋስትና ቃልህንና ገንዘቡ የገባበትን የእህትህን ሒሳብ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።”

አልተሳደብኩም፤ የቃለ አጋኖ ምልክት እንኳ አላደረግሁም። የእህትየው ስም ሲነሣ ነው መሰለኝ፣ ካነበበው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለ። “ጋሼ፣ እህቴን ለምን ያስገቧታል?” ድምፁ ተለውጧል። አሳዘነኝ። ቢሆንም ገንዘቡ በስሟ ነው የገባው።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

ልጁ ብቻውን አልመጣም። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ይዞ መጣ። የላፕቶፑ እውነተኛ ባለቤት እሱ ነው። ልጁ ፎቶውን ለጥፎ በመሸጡ 1,500 ብር ብቻ ነበር ያገኘው።

ሰውየው ጨዋ ነው። ላፕቶፑን ተቀብሎ ኢንተርኔት አገናኝቶ አየውና በረጅሙ ተነፈሰ። ሻርጃ ውስጥ የሚገዛው በደርዘን ነው። ሻጩ የተደረደረውን ያሳየዋል፣ እንዲበሩ ያደርጋል፣ አንድ በአንድ መርምሮ መምረጥ ግን የለም። ከደርዘኑ ሁለት ሦስቱ እንዲህ ዓይነት ይወጣሉ፤ ዋጋቸው በሌሎቹ ላይ ተደርቦ ይሸጣል ወይም ያለ ኢንተርኔት ተጭነው ያልፋሉ። “እርስዎ ለኔ መለሱት” አለኝ፤ “እኔስ ለማን ልመልስ? ለአረቡ?” ምን ብዬ ልመልስለት። ጥያቄው እውነት ነው።

ቢሆንም ላፕቶፑን ወደ ቦርሳዬ አልመለስኩትም። ድርድሩ ቡና ፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ቆየ። ሰውየው 31,500 አስተላለፈልን። የቀረው የልጁ ድርሻ ነው። ልጁ ለቁልቢ ስለቱ አውጥቶታል፤ 500 ብር ብቻ ነው ኪሱ የተገኘው። የእህቴ ልጅ “አጎቴ፣ ይበቃል” አለች። በሕጉ ሙሉው ይገባን ነበር፤ 1,000 ብር ጎድሎ 32 ሺህ ይዘን ወጣን።

ስንለያይ ሰውየውን “ምን ታደርገዋለህ?” ብዬ ጠየቅሁት። “ማዘርቦርድ እናፈላልግለታለን” አለኝ። ማመን ፈለግሁ።

ጥር 2፣ ሐሙስ

ሌላ ተገዛ። ሱቅ ካለው ሰው፣ ከነደረሰኙ፣ ከነቫቱ፣ 38 ሺህ ብር። የጎደለውን እኔ ሞላሁ። በዚህኛው ልጅቱ ባለሱቁን አስቀምጣ መጀመሪያ የባትሪውን ሰነድ አወጣች፤ ቀጥላ በራሷ ስልክ ኢንተርኔት አገናኝታ ሪሴት አደረገችው። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ባለሱቁ አላጉረመረመም፤ ሻይ አስመጣልን። ኮርሱን ጀምራለች።

ጥር 6፣ ሰኞ

ዛሬ ማታ ልጅቱ ስልኳን አምጥታ አሳየችኝ። ሌላ ቻናል፣ ሌላ ጠረጴዛ፣ የሚሸጥበት ዋጋ 35 ሺህ፣ “በጣም ፍሬሽ፣ ከአውሮፓ የገባ”። ፎቶውን አስፍተን አየነው። ስቲከሮቹ እንዳሉ ናቸው። ግራ ማጠፊያው አጠገብ ያለው ጭረትም እዚያው ነው። ለቻናሉ ባለቤት በኢንቦክስ ጻፍንለት፦ ይህ ማሽን የተቆለፈ ነው፣ እኛ የመለስነው ነው፣ ገዢውን ንገረው አልነው። አየው። ከዚያ ብሎክ አደረገን። ማስታወቂያው ግን እስክንተኛ ድረስ እንደተለጠፈ ነበር።

ስለዚህ ይህችን ማስታወሻ የምታነብ ሆይ፣ ሰሞኑን ያገለገለ ላፕቶፕ እየፈለግህ ወይም እየፈለግሽ ከሆነ፦ ማሽኑ ግራጫ ነው። ኪቦርዱ የጀርመን ነው፤ “ዜድ” እና “ዋይ” ላይ ነጭ ስቲከር አለበት፣ ግራ ማጠፊያው አጠገብ የጥፍር ያህል ጭረት አለው። ሻጩ ፊት በራስህ ስልክ ኢንተርኔት አገናኝና ሪሴት አስደርገው። እምቢ ካለህ ወይም “ፎርማት ባይደረግ ይሻላል” ካለህ ማኪያቶህን ከፍለህ ተነሥ።